ለአሳማ አርቢዎች፦ ለእንስሳት ሐኪማችን ምስጋናና ጥቆማ

በአነስተኛ ደረጃ አሳማ የምናረባ ጎረቤታሞች፣ የእርባታችንን ጤና በቅርበት ለሚከታተሉልን የእንስሳት ሐኪም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን፤ ለሌሎች አርቢዎችም ያለ ማመንታት እንጠቁማቸዋለን።

ሐኪሟ ገና መርፌ ሳያወጡ ወደ በረቱ ማን እንደሚገባ፣ መኖው ከየት እንደሚመጣ፣ ለማዳቀያ የሚሆነውን ወንድ አሳማ ከማን እንደምንዋስ አንድ በአንድ ጠየቁን። ይህን ሁሉ የጠየቁት የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የተባለውን የቫይረስ በሽታ ስለሚሰጉ ነው፤ በሽታው በኬንያ በ1921 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገበ ወዲህ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ክትባቱም በአብዛኛው ዓለም ገና አልተዳረሰም። ኃይለኛው ዝርያ የያዛቸውን አሳማዎች ከሞላ ጎደል ይፈጃል። ቫይረሱ ሰውን ባያሳምምም በሰው ጫማ፣ በመኪና ጎማና በሥጋ ትራፊ ከበረት በረት ይዛመታል።

አብዛኞቻችን በር ላይ ፀረ ተዋህሲያን የተጨመረበት የጫማ መንከሪያ ነበረን። እርሳቸው ግን ቦቲያቸውን ከመንከራቸው በፊት የሶሉን ስንጥቅ ሁሉ በውሃና በብሩሽ ፈግፍገው ያጥባሉ፤ ጭቃና ፍግ ባለበት የፀረ ተዋህሲያኑ ኃይል ይዳከማልና። የደፈረሰ መንከሪያ ካዩም ሳያስደፉና ሳያስቀይሩ አያልፉም፤ በዚህ ነገር ትንሽ ቆጣ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ለአሳማዎቹ የምግብ ትራፊ መስጠት ጨርሶ ቢቀር ይመርጣሉ፤ የግድ ከሆነ እየተማሰለ ቢያንስ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ60 ደቂቃ እንዲቀቀል ያዝዛሉ። አዲስ የተገዛ አሳማም የራሱ ባልዲና አካፋ ተለይቶለት ለ30 ቀናት ለብቻው ይቆያል።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ግን ከመካከላችን የአንዱ አሳማዎች በድንገት ትኩሳት ይዟቸው ጆሯቸው በቀላ ጊዜ ስላደረጉት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አርቢው ኪሳራውን ለመቀነስ ቶሎ አርዶ ወይም ሸጦ መገላገል ይቃጣዋል፤ በሽታው ከአንድ በረት ወጥቶ አካባቢውን የሚያዳርሰውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ሐኪሟ ባለቤቱን ሳይኮንኑ አረጋግተው እንስሳቱ ካሉበት እንዳይንቀሳቀሱ አደረጉ፤ ለሚመለከተው አካል አሳውቀው ናሙና ላኩ፤ ውጤቱ እስኪመጣም ማናችንም ወደ ሌላው በረት እንዳንገባ አስማሙን። ምርመራው ሌላ በሽታ መሆኑን ቢያሳይም የወሰዱትን ጥንቃቄ ትርፍ ነበር ያለ የለም።

አገልግሎታቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ብትጽፉልን እናገናኛችኋለን። በሽታ ከተጠረጠረበት እርባታ በተመለሱበት ቀን ወደ ሌላ በረት ስለማይገቡ፣ ቀጠሮ ቢያራዝሙባችሁ ቅር አይበላችሁ።