«ለአረጋውያን ግማሽ ዋጋ» የምትለዋን ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ጎረቤቴ ቡና ሊጠጣ መጣና ከኪሱ አንዲት ባለቀለም ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። «እያት እስቲ! ለኛ ለሽማግሌዎች ግማሽ ዋጋ!» አለኝ። ደስ ብሎታል። እኔ ግን ገና ሳያት ልቤ ድንግጥ አለ። አውቃታለሁ። ቀለሟ ተቀይሯል፣ ቃሏ ያው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት 750 ብሬን የበላችው እሷ ናት።

ይህን የምጽፈው ሀዋሳ ለምትኖሩ፣ 60ን ለተሻገራችሁና ኳስ ለማትተዉ ሰዎች ነው። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ስታዲየም የሚያዘወትር ከሆነም አንብቡለት። የሻጮቹን ስም አልጠራም። የምነግራችሁ አሠራሩን ነው። ስሙ ሲቀየርም እንድታውቁት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። የሂሳብ አስተማሪ። አትሳቁ፣ ባለቤቴ ስቃ ጨርሳለች።

ሐይቆቹን፣ ማለትም የከተማችንን ክለብ ሀዋሳ ከተማን፣ መደገፍ የጀመርኩት ጸጉሬ ሳይሸብት ነው። በ1996 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ነበርኩ፣ በ1999 ሲደግመውም ነበርኩ። ያኔ ስለ ካርድ ማን ያወራል? በር ላይ ሄደህ ትሰለፋለህ፣ ከፍለህ ትገባለህ፣ ድምፅህ እስኪዘጋ ጮኸህ ትወጣለህ። በቃ።

ካርዷን የሸጡልኝ ልጆች ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ጃንጥላ ስር ጠረጴዛ ዘርግተው ነበር። የክለቡን ስካርፍ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል። አንደኛው «አባባ ይምጡ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። «አባባ» መባሉ ትንሽ ቆነጠጠኝ፤ ገና 61 ዓመቴ ነበር። ወንበሩን ግን አልጠላሁትም። አሁን ሳስበው ግማሹ ሥራ ያለቀው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ሰው አንዴ ከተቀመጠ፣ በዚያ ላይ ውሃ ከቀረበለት፣ ዝም ብሎ ተነስቶ መሄድ ይከብደዋል። ይሉኝታ!

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አሰላልኝ። ያኔ ሊጉ 16 ክለቦች ነበሩት። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት 30 ጨዋታ ያደርጋል፣ 15ቱን ባለሜዳ ሆኖ። ይሄ ልክ ነው። «የአንዱ መግቢያ 100 ብር ነው አባባ። በ15 ሲባዛ 1,500። ለእናንተ ለአረጋውያን ግማሹ ብቻ፣ 750። ወረፋ የለ፣ ግፊያ የለ። በጨዋታ ቀን ወደኛ ይመጣሉ፣ ካርዱን ያሳዩናል፣ ትኬትዎን እንሰጥዎታለን።»

ማባዛቱ አልተሳሳተም። እኔም አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያስተማርኩ ሰው፣ መልሱ ትክክል ስለሆነ ጥያቄውን ሳላየው አለፍኩ። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ የተቆጣሁበት ስህተት ነው።

መታወቂያዬን ፎቶ አነሳው፣ ስልኬን መዘገበው። ብሩን በቴሌብር ላክሁ። የገባው በግለሰብ ስም ነው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ። ልጁ ካርዷን በስቶ ትኬት ሰጠኝ። አይኔ እንደድሮው ስላልሆነ መነጽሬን አድርጌ ነው ያየሁት። ትኬቱ ላይ «30 ብር» ይላል።

«ልጄ፣ ይሄ 30 ብር ይላል እኮ።»

«አዎ አባባ፣ እሱ የመደበኛው ነው።»

«100 ያልከኝስ?»

«እሱ የጥላ ፎቁ ነው።»

ካርዷን ገልብጬ አየሁ። ከታች በደቃቅ ፊደል «ካርዱ ለመደበኛ መቀመጫ ያገለግላል» የሚል ጽሑፍ አለ። ጥላ የለውም ማለት ነው። የ100 ብሩን ዋጋ ለሁለት ከፍለው የ30 ብሩን ቦታ ሸጡልኝ። እንግዲህ አስሉት። 15ቱንም ጨዋታ በር ላይ ተሰልፌ በሙሉ ዋጋ ብገዛ ኖሮ የማወጣው 450 ብር ነበር። በ«ግማሽ ዋጋ» ግን 750 ከፈልኩ። ግማሽ የተባለው ከሙሉው በ300 ብር በለጠ።

ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ይብሳል።

ኳስ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ እንደ ድሮው በየክለቡ ከተማ አይደረግም። ሁሉም ክለቦች አንድ ከተማ ይሰባሰቡና ለተወሰኑ ሳምንታት ተጫውተው ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ነበሩ ያስተናገዱት። ከዚያ ወዲህ አዳማም ተራ ደርሷታል። ጨዋታውን በቴሌቪዥን ለማስተላለፍ ተመችቷል ይላሉ። ለእኔ ቢጤው ግን ከወራት ውስጥ ጥቂት ሳምንት ጎርፍ፣ ከዚያ ድርቅ ማለት ነው። ክለቡ የሀዋሳ፣ ጨዋታው ድሬዳዋ።

ታዲያ «15 የሜዳ ጨዋታ» የሚባለው ምንድን ነው? ወረቀት ላይ አለ። በመርሐ ግብሩ ክለቡ 15 ጊዜ ባለሜዳ ተብሎ ይጻፋል። ግን ባለሜዳ የተባለው ባህር ዳር ላይም ሊሆን ይችላል፣ አዳማ ላይም። በሀዋሳ ስታዲየም ተቀምጬ አየዋለሁ ማለት አይደለም። ያን ዓመት ለከተማችን የደረሳት የዘጠኝ ሳምንት ጨዋታ ነበር። እኔም «ደህና፣ ቢያንስ ዘጠኝ አያለሁ» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የለም። ካርዷ የምትሠራው ክለቡ «ባለሜዳ» ተብሎ ለተመዘገበበት ብቻ ነው አሉኝ። ከዘጠኙ አምስቱ ላይ፣ እዚሁ ከተማችን፣ እዚሁ ሣር ላይ፣ ክለባችን በወረቀት እንግዳ ነው! ከጎረቤት ክለባችን ከሲዳማ ቡና ጋር የነበረውን ጨዋታ አስቡት። ሀዋሳ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ የለም። ባጃጁ፣ ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው። ካርዴን ይዤ ሄድኩ። «ዛሬ ባለሜዳው ሲዳማ ቡና ነው አባባ፣ ካርዱ አይሠራም።» ወደ ቤት መመለስ አልችልም፤ ተሰልፌ ከኪሴ ከፍዬ ገባሁ።

በመጨረሻ ካርዷ የተበሳችው አራት ጊዜ ነው። 750 ለአራት ሲካፈል 187 ብር ከ50 ሳንቲም። ለ30 ብር ቦታ። ለዚያውም ፀሐይ ላይ።

ስለ ፀሐዩ ትንሽ ልበል፤ ሻጮቹ በደንብ የገባቸው እሱ ስለሆነ። የሀዋሳን የቀን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ወጣት ሆኖ ኮፍያ አድርጎ ሁለት ሰዓት መጋገር ይቻላል። ደም ግፊት ላለበት፣ ጉልበቱ ደረጃ ለማይወድ፣ በየሰዓቱ ሽንት ቤት ለሚያስኬደው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ለእኛ ዋናው ጥላ ነው። የምንጨነቀው የት እንደምንቀመጥና ስንት ደረጃ እንደምንወጣ ነው። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ የጥላውን ዋጋ ነገረኝ፣ የፀሐዩን ቦታ ጻፈልኝ። ቅናሽ የሚለውን ቃል ስንሰማ ስለ መቀመጫው መጠየቅ እንረሳለን። እኔ ረስቻለሁ።

ገንዘቤን መልሱልኝ ማለቴ አልቀረም። ጠረጴዛው ጋ ያለው ልጅ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ» አለ። ሰጥቶኝ የነበረው ስልክ አንድ ሰሞን ይጠራል፣ አይነሳም። ኋላ ጭራሽ ተዘጋ። ከክለቡ ወይም ከደጋፊ ማኅበሩ ጋር ምን ግንኙነት እንዳላቸው የሚያሳይ አንድ ማህተም ካርዷ ላይ አልነበረም። ስካርፍ ብቻ። ስካርፍ ደግሞ ማንም ይገዛል።

ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ብሄድስ ብዬም አስቤ ነበር። ሕግማ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሚያሳስት ማስታወቂያም ክልክል ነው። ግን እኔ ይዤ የምሄደው ምንድን ነው? ደረሰኝ የለኝም። ብሩ የሄደው በግለሰብ ስም ነው። የንግድ ስም የለ፣ ቲን ቁጥር የለ። ማንን ነው የምከሰው? «ጃንጥላ ስር የነበረው ልጅ» ብዬ? ይሄኔ ነው ደረሰኝ ለምን እንደማይሰጡ የገባኝ።

ስለ መታወቂያው ፎቶ ደግሞ አንድ ነገር። ከዚያ ወዲህ «እንኳን ደስ አለዎት፣ የአረጋውያን ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ» የሚል መልእክት በተደጋጋሚ ደርሶኛል። ከነሱ ይምጣ ከሌላ፣ ማረጋገጫ የለኝም። ብቻ የቴሌብርም ሆነ የባንክ የሚስጥር ቁጥር ለማንም፣ ለልጅ ልጅም ቢሆን፣ አይነገርም። ዕድሜ ለማረጋገጥ መታወቂያውን አሳይቶ መመለስ ይበቃል። የፋይዳውም የቀበሌውም መታወቂያ ላይ የልደት ቀን አለ፤ አይቶ ይመልሳል። ፎቶ ምን ያደርግለታል?

ለአረጋውያን ቅናሽ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ ሲኖር። እንግሊዝ አገር በብዙ ክለቦች የአረጋውያን ዋጋ ከአዋቂው ዋጋ ጎን ለጎን፣ በየመቀመጫው ክፍል ተለይቶ፣ በሰንጠረዥ ይወጣል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2024 ዌስትሃም የአረጋውያኑንና የልጆቹን ቅናሽ ሲያጠብ ደጋፊው ወዲያው አውቆ የጮኸው። የተጻፈ ስለነበር ምን እንደተቀነሰበት ያውቃል። እኛ ጋ ጠረጴዛና ጃንጥላ ነው። የዛሬው የበር ዋጋ ስንት እንደሆነ ሳናውቅ «ግማሽ» ሲሉን እልል እንላለን። የምን ግማሽ?

ስለዚህ እንዲህ ያለ ካርድ ሲመጣባችሁ በመጀመሪያ አትቀመጡ። ቆማችሁ ጠይቁ። ትኬት የሚሸጥበት መስኮት ጋ ሄዳችሁ የእያንዳንዱን ክፍል ዋጋ እዩ፣ ከዚያ ተመለሱ። ካርዱ የትኛው ክፍል እንደሚያስገባ ከፊት ለፊት በትልቁ ተጽፎ ካልሆነ፣ ፀሐይ ላይ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ስንት ጨዋታ ሲሏችሁ «ሀዋሳ ላይ ስንት?» በሏቸው። ሊጉ ወደ ከተማችን መቼ እንደሚመጣና ለስንት ሳምንት እንደሚቆይ ሳይታወቅ የዓመት ካርድ መግዛት ያላረገዘች ላም ጥጃ መግዛት ነው። ክለባችን በወረቀት እንግዳ በሚሆንበት ቀንም ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ እኔን የጎዳችኝ እሷ ናት። ክፍያው በድርጅት ስም ካልሆነና ደረሰኝ ከሌለ ብሩን ኪሳችሁ አቆዩት። የደጋፊ ማኅበሩን ሰዎች መጠየቅም ቀላል ነው፣ ሰፈር ውስጥ የማይታወቁ አይደሉም። «ይህን ካርድ ታውቁታላችሁ?» ማለት ብቻ ነው።

እኔ አሁን በየጨዋታው ነው የምገዛው። በጊዜ እሄዳለሁ፣ ወረፋው ሳይረዝም። ጉልበቴ በሚያመኝ ሰሞን ለጥላው ጨምሬ እከፍላለሁ፤ ሲሻለኝ መደበኛው ላይ ወጥቼ ከወጣቶቹ ጋር እጮሃለሁ። ቡድኑ ድሬዳዋ ሲሆን ሻይ ቤት በቴሌቪዥን አያለሁ፣ ሻይ ከፍዬ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ገና አልከፈለም ነበር፣ ተመስገን። ወረቀቷን ብቻ ነው ይዞ የመጣው። ይህን ሁሉ ነገርኩትና ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፍኩለት። በማግስቱ ሄዶ፣ ቆሞ፣ አንድ በአንድ ጠየቀ። የትኛው ክፍል? ሀዋሳ ላይ ስንት? እንግዳ ስንሆንስ? ደረሰኝ?

ልጁ አንዱንም አልመለሰለትም። ትንሽ አሰበና፣ «እሺ አባባ፣ ለእርስዎ ስል 500 ላድርገው» አለው።