ያረጀ ላፕቶፕ፣ ያረጀ ዴስክቶፕ ወይስ ራስፕቤሪ ፓይ? ለጎጃም ቤት የሚሆን ሰርቨር ሲመረጥ

ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ሆኖ ለቤት ሰርቨር (ፋይል ይዞ ለሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚያድል ማሽን) የሚሆን አሮጌ ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው፣ ስለ ፍጥነት ከመጠየቁ በፊት መብራት ድንገት ሲጠፋ ዕቃው ምን እንደሚሆን ይጠይቅ። መብራት በማይቋረጥበት አገር የተጻፉ ምክሮች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኛ ዘንድ ግን ምርጫውን የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። የልጆቹን መማሪያ መጻሕፍት፣ የሠርጉን ቪዲዮ፣ የመዝሙሩን ስብስብ በአንድ ዲስክ ይዞ በዋይፋይ ለቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ማደል ነው። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲጫንበት ዊኪፔዲያም ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሥርዓት፣ ዴቢያን ሊኑክስን፣ ያለ መስኮትና ምስል፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ለሚጠቀም ሰው 2 ጊጋባይት ራም ከበቂ በላይ ነው።

ወጪውን ለማነጻጸር ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ዕቃ ለእያንዳንዱ ዋት በዓመት 8.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። አሮጌ ላፕቶፕ ስክሪኑ ጠፍቶ ሥራ ሲፈታ ከ10 እስከ 20 ዋት፣ የፔንቲየም 4 ዘመን ዴስክቶፕ ከ70 እስከ 100፣ ራስፕቤሪ ፓይ 4 (በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ያለቀ ኮምፒውተር) ደግሞ ከ3 እስከ 6 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ዴስክቶፑ በ80 ዋት ቢሰላ በዓመት 700 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ላፕቶፑ በ15 ዋት 131። ከዘመድ በነፃ የተገኘ ዴስክቶፕ ነፃ የሚመስለው ቆጣሪው እስኪነበብ ነው።

እኔ የማደላው ለላፕቶፕ ነው። ባትሪው ቢዳከም እንኳ ሃያ ደቂቃ ከያዘ ሰርቨሩን በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ ባትሪው የሚፈለገው ፊልም ማየት ለመቀጠል አይደለም፤ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ተነጥቆበት ፋይል እንዳይበላሽ ነው። ባትሪው ሲያንስ ራሱን እንዲያጠፋ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ደግሞ እንዳይተኛ ማስተካከል ያስፈልጋል። ጉድለቱም አለ፦ አብዛኛው ላፕቶፕ አንዴ ከጠፋ መብራት ስለመጣ ብቻ አይነሣም፤ ቁልፉን የሚጫን ሰው ይጠብቃል።

ሱቅ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም የኪቦርዱ ቁልፎች የወላለቁ ላፕቶፕ ካያችሁ አትለፉት። ለሰርቨር ጉዳት የለውም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ሰበብ ነው (ለሚጫንበት ቀን ኪቦርድና ቴሌቪዥን መዋስ ይቻላል)። ባትሪው መያዙን ለማየት ቻርጀሩን አስነቅሉና ሌላ ዕቃ እያያችሁ ሩብ ሰዓት በርቶ ይቆይ። ጣት የሚሄድበት ሰሌዳ ወይም ኪቦርዱ ከሥር ተገፍቶ ከተነሣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ማሳደር እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያው መሥራቱንም አረጋግጡ። ከዚያ የፕሮሰሰሩን ዓይነት የሚናገረውን ተለጣፊ አንብቡ፦ «ኮር ዱዎ» 32 ቢት፣ «ኮር 2 ዱዎ» 64 ቢት ነው። በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 በ32 ቢት ማሽን ላይ አይጫንም፤ በዚያች 2 ቁጥር ላይ ድርድር የለም።

ዴስክቶፕ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ። ባሕር ዳር ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሣጥን) የገዛ፣ ሁለት ሦስት ትልልቅ ዲስክ መደርደር የሚፈልግ ሰው ላፕቶፕ አይበቃውም። ብዙው ዴስክቶፕ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ ከባዮሱ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ ከሚሠራው የማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ማዘዝም ይቻላል። ነገር ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ትእዛዙ ይሰረዛል፤ ማሽኑም «ኤፍ 1 ተጫን» ብሎ ቆሞ ይቀራል። ሲአር 2032 የምትባለዋን ይህችን ባትሪ በገዛችሁበት ቀን ቀይሯት።

ራስፕቤሪ ፓይ በቁጠባ አቻ የለውም። ግን የራሱ ባትሪ የለውም፤ ሚሞሪ ካርዱም ድንገተኛ መጥፋት አይወድም። ቻርጀሩ፣ ሚሞሪው፣ ማቀፊያው ለየብቻ ይገዛሉ፤ ሲበላሽም እንደ ላፕቶፕ በየከተማው መለዋወጫ አይገኝለትም። በሶላር ለሚኖር የገጠር ቤት ብቻ ፍርዴ ይገለበጣል፦ ፓይ በ4 ዋት በቀን 96 ዋት ሰዓት ሲፈልግ ላፕቶፑ በ15 ዋት 360 ይፈልጋል። ያ ቤት ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ፣ 3 አምፔር የሚችል መቀየሪያ አብሮ ይግዛ።