ዋና ሰርቨርና ቅርንጫፍ ቢሮ፦ የትኛው መስመር፣ የትኛው ቪፒኤን?

የድርጅቱ ሰርቨር አንድ ቦታ፣ ሠራተኞቹ ደግሞ ሌላ ቦታ ሲሆኑ ሁለቱን የሚያገናኝ ቋሚ መስመር ያስፈልጋል። ገዢውን የሚያደናግረው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም መቅረባቸው ነው። አንዱ መረጃው የሚጓዝበት መስመር ነው፦ ኬብል፣ ፋይበር፣ ሬዲዮ ወይም ተራ ኢንተርኔት። ሌላው በዚያ መስመር የሚያልፈውን መረጃ ከባዕድ ዓይን የሚሰውረው ቪፒኤን ነው። ፈጣን መስመር ምስጢር አይጠብቅም፤ ጠንካራ ቪፒኤንም ዘገምተኛ መስመርን አያፈጥንም። ስለዚህ ለየብቻ እናወዳድራቸው።

መስመሩ

ርቀቱ አጭር ከሆነ ምርጫው ቀላል ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ካት 6ኤ ኬብል በሴኮንድ 10 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ተራው ካት 6 በዚህ ፍጥነት ከ55 ሜትር በላይ አይታመንም። ሁለት ሕንፃዎችን የሚያገናኙ ከሆነ ግን ርቀቱ 50 ሜትር ብቻ ቢሆንም ፋይበር ይግዙ። የመዳብ ኬብል በመብረቅ ጊዜ፣ ወይም የሁለቱ ሕንፃዎች ግራውንድ ሲለያይ፣ ኤሌክትሪክ ይዞ ወደ ሰርቨሩ ሊገባ ይችላል። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ይህ ስጋት የለበትም። ሲንግል ሞድ ፋይበር ከተለመደው የ10 ጊጋቢት ሞጁል ጋር እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

መስመሩ ከግቢ ሲወጣ ምርጫው ወደ ሦስት ይሰፋል። የኪራይ መስመር፣ ብዙዎች ሊዝድ ላይን የሚሉት፣ መጫኛውም ማውረጃውም እኩል ፍጥነት አለው፤ መዘግየቱ አይዋዥቅም፤ ሲበላሽ በስንት ሰዓት እንደሚጠገን በውል ይጻፋል። ወርሃዊ ክፍያው ከሦስቱ ከባዱ ነው። «የግል» ስለተባለ መረጃውን የሚመሰጥር የሚመስለው ገዢ ብዙ ነው፤ በራሱ ግን አይመሰጥርም። የደመወዝ ወይም የደንበኛ መረጃ የሚያልፍበት ከሆነ ቪፒኤን እዚህም ያስፈልጋል።

የሬዲዮ ድልድይ ወርሃዊ የመስመር ኪራይ አይጠይቅም፤ ሁለቱ አንቴናዎች ግን መተያየት አለባቸው። መተያየት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። በ5.8 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ የ1 ኪሎ ሜትር መስመር መሀሉ ላይ 3.6 ሜትር ያህል ራዲየስ ያለው ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ቢያንስ የዚያ 60 በመቶ ከዛፍና ከጣሪያ ነጻ መሆን አለበት። ዛሬ ከመስመሩ በታች ያለ ዛፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ መሀሉን ሊይዘው ይችላል። የ60 ጊጋኸርትዝ መሣሪያዎች እጅግ ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን የአየሩ ኦክስጅን ራሱ በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል ያህል ስለሚውጥባቸው፣ ዝናብም ስለሚያደክማቸው፣ ለጥቂት መቶ ሜትሮች ቢሆኑ እመርጣለሁ። ለረዥም ርቀት 5 ጊጋኸርትዝ ይሻላል፤ ጉድለቱ ሞገዱን ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር መጋራቱ ነው።

ሦስተኛው ተራ ኢንተርኔት ነው። ለብዙ አነስተኛ ድርጅቶች በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። አንዳንድ የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞች የዳታቤዙን ፋይል በቀጥታ በኔትወርክ ይከፍቱና አንድ ገጽ ለማሳየት ሰርቨሩን 1,000 ጊዜ ይጠይቃሉ። የደርሶ መልስ መዘግየቱ 1 ሚሊሴኮንድ ሲሆን ጥያቄው በ1 ሴኮንድ ያልቃል፤ 40 ሚሊሴኮንድ ሲሆን 40 ሴኮንድ ይፈጃል። እዚህ ላይ ፍጥነቱን ከ20 ወደ 200 ሜጋቢት ማሳደግ ምንም አይለውጥም፤ ችግሩ የመዘግየት እንጂ የስፋት አይደለም። ሻጩ ግን የሚሸጠው ሜጋቢት ነው። ፕሮግራሙን እዚያው ሰርቨሩ ላይ አስነስቶ ከቅርንጫፍ በሪሞት ዴስክቶፕ መጠቀም ችግሩን ከሥሩ ይፈታዋል፤ ያን ጊዜ የሚጓዘው የስክሪኑ ምስል ብቻ ስለሆነ ተራ ኢንተርኔት ይበቃል። ውድ መስመር ከመፈረምዎ በፊት ይህን ይሞክሩ።

ቪፒኤኑ

ፒፒቲፒ የሚባለውን አሮጌ የቪፒኤን ዓይነት በነጻም ቢሰጥዎ አይቀበሉ። ለማዘጋጀት ቀላል ስለሆነ በአሮጌ ራውተሮች ዝርዝር ውስጥ ዛሬም ይገኛል። አብሮት የሚሠራው የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ግን ጥንካሬው ዴስ ወደተባለው አሮጌና ደካማ ምስጠራ አንድ ቁልፍ እንደሚወርድ በ2012 በይፋ ታይቷል። አፕል በ2016 ከስልኮቹና ከኮምፒውተሮቹ አስወጥቶታል። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ፒፒቲፒንና ሌላውን የቆየ የቪፒኤን ዓይነት፣ ኤልቱቲፒን፣ ከወደፊት የዊንዶውስ ሰርቨር እትሞች እንደሚያስወጣ በ2024 አስታውቋል። ኤልቱቲፒ በራሱ ምንም አይመሰጥርም፤ ምስጠራውን የሚሠራለት አይፒሴክ የተባለው የምስጠራ ደንብ ነው። ታዲያ አይፒሴክን በቀጥታ መጠቀም እያለ ሁለት ሽፋን መደራረብ ለምን?

እውነተኛው ምርጫ በአይፒሴክና ዋየርጋርድ በተባለው አዲስ ቪፒኤን መካከል ነው። አይፒሴክ፣ በተለይ ከአይኬኢ (ሁለቱ ወገኖች ቁልፍ የሚለዋወጡበት ደንብ) ሁለተኛ እትም ጋር፣ ትልቁ ጥንካሬው የተለያዩ አምራቾችን ራውተሮች ማግባባቱ ነው። ብዙ የቢሮ ራውተሮች ምስጠራውን የሚያፈጥን ቺፕ አላቸው። ድካሙ ያለው ማዘጋጀቱ ላይ ነው፦ የምስጠራው ዓይነት፣ የቁልፍ ልውውጡ ቡድን፣ የመለያ ስሙ፣ የኔትወርክ ዝርዝሩ በሁለቱም ወገን መስማማት አለባቸው። አንዱ ከተሳሳተ መስመሩ አይነሳም፤ ደግነቱ ሎጉ (የራውተሩ የክንውን መዝገብ) ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን ይናገራል።

ዋየርጋርድ ይህን ሁሉ ምርጫ አስቀርቶታል። በ2020 ከሊነክስ 5.6 ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ጋር ተዋሕዷል፤ የተጻፈበት ኮድ 4,000 መስመር ገደማ በመሆኑ ለመመርመር ይቀላል። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ቁልፍ አለው፤ የሌላውን ይፋዊ ቁልፍና አድራሻ አስገብቶ ይጨርሳል። ሁለቱም ጫፎች በእጅዎ ካሉና ሊነክስ ወይም ዋየርጋርድ የሚያውቅ ራውተር ካለዎት እኔ እሱን እመርጣለሁ። ጉድለቱንም ይወቁት፦ ቁልፍ ሲሳሳት ዝም ይላል እንጂ ስህተት አያሳይም፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አያውቅም፤ የሚሄደውም በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ መረጃ በሚልከው ዘዴ) ብቻ ስለሆነ ዩዲፒ የታገደበት ኔትወርክ ውስጥ አይሠራም።

ለዚያ ዓይነቱ ቦታ በቲሲፒ (መድረሱን እያረጋገጠ በሚልከው ዘዴ) 443፣ ማለትም ድረ ገጾች በሚያልፉበት በር፣ ማለፍ የሚችሉት ሌሎቹ ቪፒኤኖች፣ ኦፕንቪፒኤንና ኤስኤስቲፒ፣ ይጠቅማሉ። ፓኬት (የሚጓዘው የመረጃ ቁራጭ) በሚጠፋበት መስመር ግን ቲሲፒ በቲሲፒ ውስጥ ሲሄድ ሁለቱም እንደገና ለመላክ ስለሚሽቀዳደሙ መስመሩ ይንቀራፈፋል፤ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ይያዟቸው።

ቪፒኤኑ የት ላይ ይረፍ? ሰርቨሩ ላይ ቢያዘጋጁት መሣሪያ መግዛት ይቀራል፤ ቢሆንም ራውተሩ ላይ እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ። የድርጅቱ መረጃ ያለበት ማሽን ለኢንተርኔት በቀጥታ መጋለጥ የለበትም። ደግሞም ሰርቨሩ ለዝማኔ ጠፍቶ ሳይነሳ ቢቀር፣ ከሩቅ ሆነው ሊያዩት የሚችሉበት መንገድም አብሮት ይጠፋል።

ከመክፈልዎ በፊት

የሁለቱን ቢሮዎች የውስጥ አድራሻ ይመልከቱ። ሁለቱም 192.168.1.0 ላይ ከሆኑ ራውተሮቹ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይችሉም፤ አንዱን መቀየር ግድ ነው፣ ይህን ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ከመብዛታቸው በፊት ማድረግ ይቀላል። ቢያንስ አንዱ ቢሮ ከውጭ የሚደረስበት ቋሚ አይፒ አድራሻ ይኑረው። ራውተሩ የተሰጠው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር ከሆነ አቅራቢው ለብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ እያጋራ ነው፤ ያ ቢሮ ጠሪ እንጂ ተጠሪ ሊሆን አይችልም።

የራውተሩ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው ፍጥነት ያለ ምስጠራ የተለካ ነው። የቪፒኤኑን ፍጥነት ለይተው ይጠይቁ፤ በርካሽ ሞዴሎች ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው።

በመጨረሻ የሙከራ ጊዜ ይጠይቁና በሥራ ሰዓት ትልቅ ፋይል በሁለቱም አቅጣጫ ይቅዱ። ፒንግ (ትንሿ የሙከራ መልእክት) እየሠራ ትልቅ ፋይል መሀል ላይ ከቆመ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኤምቲዩ፣ የአንድ ፓኬት ትልቁ ልክ፣ ነው፦ ቪፒኤኑ ከ1,500 ባይት ላይ የራሱን ስለሚወስድ የፓኬቱን ልክ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋየርጋርድ በተለምዶ 1,420 ይጠቀማል። በ1,420 ካልሠራ ወደ 1,380 ዝቅ አድርገው እንደገና ይቅዱ፤ ፋይሉ ሳይቆም ካለፈ ውሉን መፈረም ይችላሉ።