«ዛሬ አይቻልም» ላሉን ጋሼ ምስጋና፣ ከጣና ዳር

ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ለባዛር፣ ለልደት ወይም ለበዓል የልጆች መጫወቻ የምታከራዩና የምትከራዩ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ከሰዓት በኋላ ልጄን ይዤ ጣና ዳር ወረድኩ። ስምንት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ባንጂ ትራምፖሊኑ ላይ ቀረ። አይታችሁት ይሆናል። ልጁ ወገቡ ላይ ቀበቶ ይታጠቃል። ግራና ቀኝ ካሉት ምሰሶዎች የሚወርድ የላስቲክ ገመድ ከቀበቶው ጋር ይያያዛል። ገመዱን ሞተር ወደ ላይ ሲወጥረው ልጁ እንደ ወፍ ይነሳል።

ግማሽ ሰዓት ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ ቀበቶውን ሊያስሩላት ጎንበስ አሉና ቆም አሉ። ገመዱን በሁለት እጃቸው ለጠጡት። ወደ ፀሐይ አዞሩት። አውራ ጣታቸውን አስሄዱበት። ከዚያ «እታለም፣ ዛሬ አይቻልም» አሉኝ።

ልጄ አለቀሰች። እኔም ተናደድኩ። ከእኛ በፊት የዘለሉ ልጆች ነበሩ እኮ! ከኋላ ያሉት ወላጆች መጮህ ጀመሩ። የመጫወቻው ባለቤት መጥቶ «የዛሬን ብቻ ቢውልስ?» አላቸው። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ለተሰለፍነው ሁሉ ገንዘባችንን አስመለሱልን። ቀጥለው ከኪሳቸው ቢላ አወጡና ገመዱን ሁለት ቦታ ቆረጡት። ማታ ማንም መልሶ እንዳያስረው ነው። ይህን ሳይ ንዴቴ ጠፋ።

የወንድሜ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ከሚሽከረከር መጫወቻ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። ሰንሰለቱ ዝጎ ነበር። ያን ቀን እዚያ «አይቻልም» የሚል ሰው አልነበረም።

ሰዉ ሲበተን ቡና ጋበዝኳቸው። ዓረብ አገር ትልቅ መዝናኛ ውስጥ በጥገና ሥራ ዓመታት ቆይተዋል። እዚያ የሚጠግኑት ሰውን ወደ ሰማይ የሚወረውረውን ማሽን ነበር፤ ስሊንግሾት የሚሉትን። እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው በሁለት ጣታቸው መሃል የፀጉር ላስቲክ ወጠሩ። «ልጆች ወፍ የሚያባርሩበት የባላ ወንጭፍ ነው። ድንጋዩ ሰው ሆነ፣ ባላው ማማ ሆነ፤ ሌላ ልዩነት የለውም» አሉኝ።

ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች አሉ። በመሃላቸው ሁለት ሰው የሚይዝ ወንበር በገመድ ይያዛል። ወንበሩ መሬት ላይ ይቆለፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነው። ከዚያ ገመዱ ይወጠራል። አንዳንዱ ማሽን ላስቲክ ይጠቀማል፤ ሌላው በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት፣ የሚለጠጡ የብረት ሞላዎችን። ውጥረቱ በቂ ሲሆን ማግኔቱ ይለቃል። ወንበሩ ይወነጨፋል። ትልልቆቹ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናሉ። በዚያች ቅጽበት ሰውነት ከራሱ ክብደት ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወንበሩ ላይ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሆኖ ይጫናል ማለት ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ክብደት የሌለው ይመስለዋል። ሆድ የሚንሳፈፈው ያኔ ነው። ወንበሩ እየነጠረ ቀስ በቀስ ይረጋጋል፤ መጨረሻ ላይ ገመዱ ሲላላ ወደ መሬት ይወርዳል።

እዚህ ላይ የትምህርት ቤት ፊዚክሴ ትዝ አለኝ። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ ነው። ሞላ በተለጠጠ ልክ ወደ ኋላ ይስባል። ልጥጡ እጥፍ ሲሆን ግን የሚጠራቀመው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ላስቲክ ሕጉን እንደ ብረት ሞላ በትክክል አይከተልም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ትንሽ አብዝቶ መወጠር ትንሽ ስህተት አይደለም። ጋሼ ልጆቹን አንድ በአንድ የሚመዝኑት ለዚህ ነው። የገመዱን ብዛት በኪሎው ይወስናሉ። ቀላል ልጅ ላይ ብዙ ገመድ ካሰሩ ከሚገባው በላይ ይወረወራል። ከባድ ልጅ ላይ ካሳነሱ ገመዱ ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል።

የተቆረጠውን ገመድ እንድይዘው ሰጡኝ። ከሩቅ ደህና ይመስላል። ሲለጠጥ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ጥቃቅን ስንጥቅ ይወጣበታል። ላስቲክን የሚያደርቀው ፀሐይና አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የጥምቀት ሰሞን ደመና የለም፤ ፀሐዩ አይጣል ነው። ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚንጠለጠል ገመድ ቶሎ ያረጃል። ዓረብ አገር ሲሠሩ እያንዳንዱ ገመድ ስንት ጊዜ እንደወነጨፈ በመዝገብ ይጻፍ ነበር። ቁጥሩ ሲሞላ፣ ምንም እንከን ባይታይበትም ይጣላል። እዚህም ያንኑ ያደርጋሉ። ባለ ካሬ ደብተራቸውን አሳይተውኛል። ቀን፣ ሰዓት፣ የዘለሉ ልጆች ብዛት በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል።

ወደ ሐይቁ እያመለከቱ ያሉኝን መቼም አልረሳውም። «ታንኳ የሚቀዝፉትን ጠይቂያቸው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ እያደረቁ ይሠሩበታል። ቀኑ ሲደርስ ግን ሌላ ያስራሉ። እስኪሰምጥ የሚጠብቅ ባለ ታንኳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አሁን ወደ ጥቆማው። ጋሼ ባንጂ ትራምፖሊን፣ ዥዋዥዌና የሚሽከረከሩ መጫወቻዎችን ይፈትሻሉ፣ ይጠግናሉ። ብየዳ ይችላሉ። ቀጠሮ ያከብራሉ። ሥራቸው ላይ ግን አይቸኩሉም፤ ለጠዋት በዓል ማታ ብትጠሯቸው አይሆንም፤ ሁለት ቀን ስጧቸው። ጉድለት ካገኙ አይሸፋፍኑም፤ ባለቤቱ ቢቆጣም ይናገራሉ። ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

በሚቀጥለው እሁድ አዲስ ገመድ ገጠሙ። በማለዳ ደውለው «ልጅሽን አምጫት» አሉኝ። መዘኗት፣ ቀበቶውን አጠበቁላት፣ ሁለቴ ጎትተው አረጋገጡ። ልጄ ከዘንባባዎቹ በላይ ሐይቁን አየሁት ብላ እስካሁን ታወራለች። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።