ዳፓግሊፍሎዚን ወይስ ኤምፓግሊፍሎዚን? ጅማ ላይ ለሚገዛ ሰው

አንዲት እናት ወደምሠራበት ፋርማሲ ገብተው ሁለት የመድኃኒት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንዱን ልጃቸው ከአዲስ አበባ ልኮላቸዋል፣ ሌላውን እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ገዝተውታል። «ልጄ፣ የትኛው ይሻለኛል? ወይስ ሁለቱንም ልዋጥ?» አሉኝ። አንዱ ዳፓግሊፍሎዚን 10 ሚሊ ግራም፣ ሌላው ኤምፓግሊፍሎዚን 10 ሚሊ ግራም ነበር።

ሁለቱም የዓይነት 2 ስኳር በሽታ መድኃኒቶች ናቸው። አብረው አይወሰዱም፤ ሥራቸው አንድ ነው። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፤ ከፈሳሹ ጋር 180 ግራም የሚጠጋ ግሉኮስም አብሮ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ሽንቱ ላይ ስኳር የማይታየው ኩላሊቱ ስኳሩን ለቅሞ ወደ ደም ስለሚመልሰው ነው። ለቃሚዎቹ ሶዲየምና ግሉኮስን አጣምረው የሚያሻግሩ ፕሮቲኖች ናቸው፤ 90 በመቶ ያህሉን ሥራ የሚሠራው ኤስ.ጂ.ኤል.ቲ.2 ይባላል። መድኃኒቶቹ እሱን ሲዘጉት በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ስኳር፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 የሻይ ማንኪያ የሚሆን፣ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ የሽንት ምርመራዎ ላይ ስኳር ቢታይ አይደንግጡ፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው።

የዚህ ፕሮቲን ወንድም ኤስ.ጂ.ኤል.ቲ.1 አንጀት ውስጥ ይገኛል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን በኦ.አር.ኤስ. የምናድነው በእሱ ነው፦ ስኳሩና ጨው አብረው ሲገቡ ውኃውን ይስቡታል። ሶዲየምና ግሉኮስ ተጣምረው እንደሚገቡ አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሮበርት ክሬን ፕራግ ላይ በ1960 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ነገሩ ሐሳብ ነበር። የአንጀቱ ፕሮቲን ጂን ተለይቶ የወጣው በ1987 ነው። ለገዢ ይህ ምን ይጠቅማል? ከፖም ዛፍ ቅርፊት በ1835 የተገኘው ፍሎሪዚን ሁለቱንም ፕሮቲኖች ስለሚዘጋ አንጀት ያውካል፤ የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ግን የኩላሊቱን መርጠው ይዘጋሉ። በዚህ ምርጫ ኤምፓግሊፍሎዚን ይበልጥ ጠንቃቃ ነው፣ ዳፓግሊፍሎዚን ይከተለዋል፣ የዚሁ ወገን ሦስተኛው መድኃኒት ካናግሊፍሎዚን ከሁለቱ ያንሳል። በዳፓና በኤምፓ መካከል ያለው ልዩነት ግን በሽተኛው ላይ የሚሰማ አይደለም።

ስኳር በመቀነስ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነት ይታያል የሚባለው ልብ ላይ ነው። በ2015 የወጣው የኤምፓግሊፍሎዚን ጥናት 7,020 ሰዎችን ይዞ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞቱትን በ38 በመቶ ቀንሷል። በዳፓግሊፍሎዚኑ የ17,160 ሰዎች ጥናት ይህ ሞት ጎልቶ አልቀነሰም፤ በልብ ድካም ሆስፒታል መተኛት ግን በ27 በመቶ ቀንሷል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ኤምፓ ይበልጣል» የሚል አለ። እኔ አልቀበለውም። የመጀመሪያው ጥናት ውስጥ የገቡት ሁሉም የልብና የደም ሥር በሽታ የያዛቸው ነበሩ፤ በሁለተኛው ግን አብዛኞቹ ልባቸውና ደም ሥራቸው ገና ያልታመመ ነበሩ። ኋላ በልብ ድካምና በኩላሊት በሽተኞች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ሁለቱም እንደሚጠቅሙ አሳይተዋል።

ካናግሊፍሎዚንን በሦስተኛነት አስቀምጠዋለሁ። በ2017 በወጣው ጥናቱ የእግር መቆረጥ በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ስለታየ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበት ነበር፤ በ2020 አነሳው። ኩላሊትን እንደሚጠብቅ ተረጋግጧል። እግሩ ላይ ቁስል ላለበት ሰው ግን እኔ አላስቀድመውም።

ስለዚህ ዋጋው ይወስናል። የዳፓግሊፍሎዚን ፓተንት (ብቻውን የማምረት መብት) ሕንድ ውስጥ በ2020፣ የኤምፓግሊፍሎዚን በ2025 አብቅቷል፤ የሕንድ ምርት ካለ ጠይቁ፣ ዋናዎቹ አምራቾች ከሚሸጡባቸው ስሞች ከፎርዚጋ (ዳፓ) እና ከጃርዲያንስ (ኤምፓ) ይረክሳልና። የአንዱን ፍሬ ዋጋ በ30 አባዙና በየወሩ ሳይቋረጥ የምትችሉትን ያዙ። ሁለት ወር ተወስዶ የሚተው ውድ መድኃኒት አይጠቅምም። የተለመደውን የስኳር ክኒን ሜትፎርሚን ትታችሁ ይህን እንድትገዙም አልመክርም። የዳፓ 5 ሚሊ ግራም ረከሰ ብላችሁ አትሸወዱ፤ ለልብና ለኩላሊት የሚታዘዘው 10 ነው። በኤምፓ በኩል ደግሞ ለዚሁ ዓላማ 10 ይበቃል፣ ሐኪም ካላዘዘ 25 አያስፈልግም። ካርቶኑ ላይ ሜትፎርሚን አብሮ ተጽፎ ከሆነ በቤታችሁ ያለውን ሜትፎርሚን ደርባችሁ አትውሰዱ። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ከሆነ ተዉት።

ከመግዛታችሁ በፊት የኩላሊት ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ አሠሩ። ከእሱ የሚሰላው የኩላሊት የማጣራት አቅም (eGFR) ከ45 በታች ከወረደ የመድኃኒቱ ስኳር የመቀነስ ኃይል ይዳከማል፤ ኩላሊቱንና ልቡን መጠበቁ ግን ይቀጥላል። ለመጀመር ለዳፓ 25፣ ለኤምፓ 20 ዝቅተኛው ወሰን ነው። ዓይነት 1 ስኳር ያለበትና ነፍሰ ጡር አይውሰዱት።

አሁን የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስኩ። እነዚህ መድኃኒቶች ውኃ ያስወጣሉ። ረመዳን የሚጾም ሰው መድኃኒቱን ጾሙ ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይጀምር፣ በጾሙ ወቅት ማፍጠሪያ ላይ ይውሰደው፣ ሌሊቱን ውኃ ይጠጣ። ጫት ምግብ ያስጠላል፤ ውሎውን ያለ እህልና ውኃ የሚያሳልፍ ሰው ይህን መድኃኒት ከወሰደ አደጋ ላይ ነው። ማስታወክ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ያለባችሁ ቀን አቁሙት። ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ ከሦስት ቀን በፊት መቆም አለበት። ሆድ ሲያም፣ ሲያስመልስ፣ ትንፋሽ ሲፈጥን የስኳር መለኪያው 200 ብቻ ቢያሳይም ሆስፒታል ሂዱ፤ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል በደም ውስጥ የሚከማቸው አሲድ፣ ኬቶን፣ ስኳሩ ብዙ ሳይጨምር ሊገድል ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ «አዲስ ክኒን አገኘሁ» ብሎ ኢንሱሊኑን በራሱ አይተው። በብልት አካባቢ የሚያሳክክ ፈንገስ ብዙ ሴቶችን ያስቸግራል፣ ወንዶችም አይቀርላቸውም፤ ሳታፍሩ ንገሩን፣ መድኃኒት አለው።

እናታችን ክሬአቲኒናቸውን ካሠሩ በኋላ ሐኪማቸው ዳፓግሊፍሎዚኑን አስቀጠላቸው። እዚሁ በየወሩ ስለሚገኝ ነው። የኤምፓውን ካርቶን ሳይከፍቱት ለልጃቸው መለሱለትና «ዳፓውን እዚሁ አገኘዋለሁ፣ ከዚያ አትላክ» ብለው ደወሉለት።