በጅማ የውሃ መሳቢያ ሞተር ለምትገዙ፦ በደረቁ አስነስቶ ከሚያሳያችሁ ሻጭ ተጠንቀቁ

ባለፈው በጋ ታላቅ ወንድሜና እኔ ሽንኩርትና ቃሪያ በመስኖ ለማልማት አስበን፣ ከጅማ ከተማ አንድ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛን። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ለተመሳሳይ ዕቃ ገንዘብ በማጠራቀም ላይ ያላችሁ እንድትጠነቀቁ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሻጩ ሞተሩን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ የፓምፑን ሆድ ውሃ ሳይሞላ አስነሣና ድምፁን አሰማን። እኛም ሞተሩ መነሣቱን እንጂ ምን እየተጎዳ እንደሆነ አላስተዋልንም። በዘንጉ ላይ ያለው «ሲል» የሚባለው የውሃ ማገጃ፣ ካርቦንና ሴራሚክ የሆኑ ሁለት ገጾች ተጋጥመው ውሃውን የሚያግዱበት ክፍል ሲሆን፣ ገጾቹን የሚያቀዘቅዛቸው ውሃው ራሱ ስለሆነ፣ በደረቁ ሲሽከረከሩ በአጭር ጊዜ ግለው ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ሻጩ ጥራቱን ያረጋገጠልን ዕቃውን በሚያበላሸው መንገድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሞተሩና በፓምፑ መካከል ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። መካኒክ ሲፈታው ሲሉ ተሰንጥቋል፤ የኢምፔለሩ (እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) ጠርዝ ተበልቷል፤ በጎማው ቀለበት ምትክ ሲሊኮን ተቀብቷል፤ የቡሎኖቹም ራስ በአዲሱ ቀለም ሥር የቁልፍ ጭረት ነበረበት። ሦስት ቀን የሠራ ኢምፔለር እንዲህ ሊበላ ስለማይችል፣ ቀደም ሲል ያገለገለ ፓምፕ ቀለም ተቀብቶ እንደተሸጠልን አልተጠራጠርንም።

አተካከሉም ሌላ ጉዳት ነበር። ከሱቁ የተላከው ገጣሚ፣ ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የሚለውን አምኖ፣ ሞተሩን ከወንዙ 7 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከመንገዱ ዳር ተከለው። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት ኃይል ነው፤ በባህር ወለል ላይ የዚህ ኃይል የመጨረሻ ልክ 10 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጅማ አካባቢ ግን ወደ 8 ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል። በቱቦውና በማጣሪያው የሚባክነው ሲቀነስ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ መመኘት አይገባም። ከፍታው የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል፤ ይህን የነገረን ሻጭ አልነበረም። «በደቂቃ 1,000 ሊትር» እና «30 ሜትር ከፍታ» የሚሉት ቁጥሮችም በአንድ ጊዜ የሚገኙ አይደሉም፤ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳል።

አቤቱታ ስናቀርብ «ባለሙያው ነገ ይመጣል» እየተባልን ሁለት ሳምንት አለፈ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስቀየር ወይም ገንዘብ ለማስመለስ የሚሰጠው ጊዜ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ነው፤ ያ ሁሉ ቀጠሮ በከንቱ አልነበረም። «ዋስትናው ሞተሩን ብቻ ነው፤ ፓምፑን ደግሞ በደረቁ አስነሥታችሁታል» የተባልነው ከዚያ በኋላ ነው። በእጃችን ያለው ደረሰኝ የዕቃውን መለያ ቁጥር አልያዘም።

እንግዲህ በርሜል ውሃ አስቀርባችሁ፣ የፓምፑ ሆድ ተሞልቶ፣ መሳቢያ ቱቦው ተገጥሞ ውሃ ሲተፋ ሳታዩ አትክፈሉ። ቡሎኖቹን በብርሃን ተመልከቱ። መለያ ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ፣ ዋስትናው ፓምፑንም እንደሚጨምር በጽሑፍ ይስፈርላችሁ። ጉድለት ካያችሁ በስልክ አትለማመጡ፤ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አመልክታችሁ ቅጂውን ያዙ። ስትተክሉም ማጣሪያውን ውሃው ውስጥ እንዳለ ከወንዙ ወለል ከፍ አድርጉት፤ አሸዋ ኢምፔለሩንም ሲሉንም ይበላል።

እኛ ሲሉን በራሳችን ገንዘብ አስቀይረን፣ ሞተሩን ከውሃው 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ አውርደን አስቀመጥነው። አሁን ይስባል፤ በተበላው ኢምፔለር ምክንያት ግን በግማሽ ቀን ይጠጣል ያልነውን ማሳ ለማጠጣት ሙሉ ቀን ቤንዚን እናቃጥላለን።