ከጎንደር የአንድ ቀን የጭላዳ ጉዞ፦ ፍጡር ለሚፈጥሩ ሰዎች ያዋጣል ወይ?

ለልብ ወለድ፣ ለሥዕል መጽሐፍ ወይም ለጌም በምድር ላይ የሌለ ፍጡር የሚፈጥር ሰው መልኩን በአንድ ማታ ይጨርሳል። ቀንዱም ክንፉም አያስቸግሩም። ሰው የሚንተፋተፈው ፍጡሩ እንዴት እንደሚወለድ፣ ማን እንደሚያሳድገውና መቼ ከእናቱ እንደሚለይ ሲጠየቅ ነው። ጎንደር ያለ ሰው በዚህ በኩል ታድሏል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የማይገኘው፣ ሣር ግጦ የሚያድረው ጭላዳ ዝንጀሮ ልጁን ሲያሳድግ ለማየት የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይፈጅበትም። በከተማው የሚሸጠውን የአንድ ቀን የሰሜን ተራሮች ጉዞ የምንመዝነው በዚህ ዓይን ነው፤ ለፎቶ ብቻ ለሚሄድ ሰው ሌላ ሚዛን አለ።

ዋጋ ስትነጋገሩ የመኪናው፣ የነዳጁ፣ የአስጎብኚው፣ የፓርክ መግቢያውና የስካውቱ (ጎብኚን የሚያጅበው የፓርኩ ጠባቂ) ሂሳብ ለየብቻ ይጠራ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደባርቅ፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚከፈሉ ናቸው፤ «ሁሉም አለበት» ተብሎ እዚያ ሲደረስ እንደገና ኪስ መግባት የተለመደ ጭቅጭቅ ነው። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀብድ ከመስጠት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደባርቅ ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ትልቁ ጉድለት የመነሻ ሰዓቱ ነው። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣና ለግጦሽ ከመበተኑ በፊት እዚያው ቁጭ ብሎ ይተሻሻል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ልጆቹም ይላፋሉ። የልጅ አስተዳደግ የሚታየው በዚያች ሰዓት ነው። ከጎንደር 2 ሰዓት ላይ የተነሳ መኪና ቲኬትና ስካውት ጨርሶ ፓርኩ ውስጥ ጭላዳ የሚታይበት ቡይት ራስ ሲደርስ 5 ሰዓት ይሆናል፤ የሚጠብቃችሁ አንገቱን ደፍቶ ሣር የሚነጭ መንጋ ብቻ ነው። ንጋት 11 ሰዓት መነሳት ካልተስማሙ ሌላ መኪና ፈልጉ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት አይረሳ፤ ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ክረምት ላይ ጉም ገደሉን ስለሚሸፍነው ለዚህ ሥራ አይመችም።

ሁለተኛው ጉድለት መሯሯጥ ነው። ፕሮግራሙ አሥር ደቂቃ ጭላዳ፣ ከዚያ የሳንቃበር ካምፕ፣ ከዚያ ፏፏቴ ይላል። ፏፏቴውን ሰርዙት። አንድ መንጋ ዘንድ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ፣ ከመንጋው አንዲት እናት ምረጡ፣ በየደቂቃው ልጇ የት እንዳለ ጻፉ፦ ሆዷ ሥር፣ ጀርባዋ ላይ፣ እጇ በሚደርስበት፣ ወይስ ከዚያ ውጭ? ማንስ ነካው? ባይኖኩላር ካለ ጥሩ፣ ባይኖርም ይቻላል፤ ጭላዳዎቹ ሰው ስለለመዱ ብዙ አይሸሹም። ምግብ አይሰጣቸውም፣ በእናትና በልጅ መካከልም አይገባም።

የሚታየውን እንናገር። አዲስ የተወለደው ልጅ ፀጉሩ ጥቁር፣ ፊቱ ቀይ ነው፤ ቡናማ በሆነ መንጋ መሀል ከሩቅ ይለያል። እናቱ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ሣር ትነጫለች፤ እሱ ሆዷ ላይ ተለጥፎ፣ ተቀራርበው የበቀሉትን ሁለት የጡት ጫፎች አንድ ላይ አፉ ውስጥ ከትቶ ይጠባል። አምስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ወደ ጀርባዋ ይዞራል። ጡት የሚጥለው ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ባለው ጊዜ ነው። እርግዝናው ስድስት ወር ያህል ነው፣ የሚወለደው አንድ ነው፣ እስከሚቀጥለው ልጅ ሁለት ዓመት ግድም ያልፋል። ሴት ልጅ እናቷ ዘንድ ትቀራለች፤ ወንዱ ሲጎረምስ ወጥቶ ከወንደላጤዎቹ ጋር ይቀላቀላል።

ደረት ላይ ያለው ቀይ ገላም ምክንያት አለው ይባላል። ሌሎች ዝንጀሮዎች የሴትነት ምልክታቸው ከኋላ ነው፤ ቀኑን በመቀመጫው የሚውል እንስሳ ግን ከኋላው ያለውን ማን ያይለታል? ዝንጀሮ የራሷን መቀመጫ ሳታይ በሌላዋ ትስቃለች የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። ፍጡር ለሚፈጥር ሰው ግን ትምህርት አለው፦ አመጋገብ አቀማመጥን፣ አቀማመጥ አካልን ይለውጣል። የፍጡራችሁን ምግብ ሳትወስኑ ገላውን አትሳሉ።

ጥሩ አስጎብኚ የሚለየው ስለ ወንዶቹ ሲጠየቅ ነው። ባለ ጎፈሩ መሪ ጥቂት ሴቶች ይዞ ይኖራል፤ ከወንደላጤዎቹ አንዱ አሸንፎት ቦታውን ሲይዝ የሚጠቡ ሕፃናት ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። እዚያው ሰሜን ተራሮች ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርምር እንደተገለጸው፣ አዲስ ወንድ ሲመጣ ከእርጉዞቹ አብዛኞቹ ያስወርዳቸዋል። የተሸነፈው አባት ግን ሁልጊዜ አይባረርም፤ ሥልጣኑን ለቆ እዚያው እየኖረ ልጆቹን ሊጠብቅ ይችላል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «የድሮው መሪ የት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ይሞታል» ከሆነ ሾፌር ብቻ ቅጠሩ፤ ስካውቱ የበለጠ ሳያውቅ አይቀርም።

ቤት ተመልሶ ማስታወሻውን ወደ ፍጡር መቀየር ሂሳብ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ነው። 300 ዓመት የሚኖር፣ ከ20 ዓመቱ እስከ 200 ዓመቱ በየሁለት ዓመቱ የሚወልድ ዘር ብትፈጥሩ አንዲት እናት 90 ልጅ ታፈራለች፤ ሦስት ትውልድ ሳይሞላ ተራራው ይጠባል። ወይ ልደቱን አራርቁ፣ ወይ ልጆቹን ምን እንደሚገድላቸው ጻፉ። ሌላው ስህተት አሥር ልጅ በአንዴ ወልዳ እያንዳንዱን አቅፋ የምታሳድግ እናት ነች። አንድ ወልዶ ማቀፍና አሥር ወልዶ መተው ሁለት የተለያዩ ኑሮዎች ናቸው፤ ሁለቱን መቀላቀል ከተፈለገ የሚያግዙ አክስቶች ወይም አያቶች ይኑሩ።

ለዚህ ዓላማ ጉዞው በሚሸጥበት መልክ ከአምስት ሦስት፣ ሰዓቱና ቆይታው ከተስተካከለ አራት ተኩል እንሰጠዋለን። ግማሹን የምንቀንሰው ለማታው ነው። መንጋው ወደ ገደሉ የሚወርደው ቀኑ ሲመሽ ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው አፋፉን ሲሻገሩ የሚታየው ያኔ ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ ሳይጨልም ጎንደር መግባት ይፈልጋል። ደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር ይህን ይፈታዋል፤ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ አወራረዱን፣ በማግስቱ ጠዋት አወጣጡን ማየት ይቻላል።